የኮምፒዩተር አካላትና መጠሪያዎቻቸው፤ በደጋ ትምህርት ቤቶች አገልግሎት ረገድ

የደጋ ገበሬ የእርሻ መሣሪያው ሲሰበር "እርሻዬ ተበላሸ" አይልም። ሞፈሩ እንደ ሆነ ሞፈሩ፣ ወገሉ እንደ ሆነ ወገሉ፣ ድግሩ እንደ ሆነ ድግሩ መሆኑን ለይቶ ይናገራል። ብረት ሠሪውም ሆነ እንጨት ጠራቢው ከመነሻው የሚጠበቅበትን ሥራ ያውቃል። እያንዳንዱ አካል ስም ስላለው፣ ስሙም በሰፊው ስለሚታወቅ፣ የጥገናው ግማሽ የሚያልቀው በንግግር ነው ማለት ይቻላል።

በትምህርት ቤቶች ስለሚገኘው ኮምፒዩተር ይህን ያህል መናገር አይቻልም። ምስል የሚታይበት ስክሪን "ኮምፒዩተር" ሲባል ይሰማል። ከጠረጴዛው ጎን ወይም ሥር የሚቆመው ሣጥን "ሲፒዩ" ይባላል። "ሜሞሪ" የሚለው ቃል ደግሞ በሥራቸው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ዕቃዎችን በአንድነት ይጠራል። ከዚህም የተነሣ በጥገና መጠየቂያ ቅጽ ላይ የሚሰፍረው ብዙውን ጊዜ "ኮምፒዩተሩ አይሠራም" የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል።

በጎንደር ከተማ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ይህ የቃል ጉድለት ያን ያህል ጉዳት ላያስከትል ይችላል፤ መሣሪያውን በታክሲ አስጭኖ ወደ ጥገና ቤት መውሰድ ይቻላልና። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ በጃናሞራና በበየዳ ከፍተኛ ቀበሌዎች ላሉት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሣጥኑ ከነክብደቱ በጭነት እንስሳ ወደ መኪና መንገድ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ከተማ ወርዶ፣ ብልሽቱ የአንድ ትንሽ ባትሪ ማለቅ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መምህሩ የአካላቱን ስምና ተግባር ለይቶ የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ በስልክ ብቻ ተነጋግሮ ባትሪውን በፖስታ ሊያስልክ በቻለ ነበር። አለዚያ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ መሣሪያው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ከዚያም አይወጣም።

ሣጥኑና በውስጡ ያለው

ሲፒዩ የሚለው አኅጽሮት በትክክል የሚያመለክተው ሣጥኑን ሳይሆን በሣጥኑ ውስጥ፣ ከማራገቢያ ሥር ተሸፍኖ የሚገኘውን ከክብሪት ቤት ብዙም የማይበልጥ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። ፕሮሰሰር ተብሎም ይጠራል። የሚሠራውም ነገር በመሠረቱ ቀላል ነው፤ ይኸውም ትእዛዝ ይቀበላል፣ ቁጥር ይደምራል ወይም ያነጻጽራል፣ ውጤቱን መልሶ ይሰጣል። አስደናቂ የሚያደርገው ይህን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በቢሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ መፈጸሙ ነው። በማስታወቂያዎች ላይ የሚታየው "3 ጊጋኸርዝ" የሚለው አነጋገር የሚገልጸው ፕሮሰሰሩ በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ የሚመታ የውስጥ ሰዓት ያለው መሆኑን ነው። ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ያቀረበው 4004 የተሰኘው ፕሮሰሰር 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩት። ዛሬ በአንድ ተራ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው በቢሊዮን የሚቆጠሩ አሉት።

ለዕቅድ አውጪዎች እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በግዥ መጠየቂያ ላይ "ኮር አይ 7" ብሎ መጻፍ ምንም አይወስንም። ይህ ስም በገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን ከዚያ ወዲህ በተከታታይ ትውልዶች ለወጡ ብዙ ፕሮሰሰሮች ተሰጥቷል። ከዐሥር ዓመት በኋላ የወጣ፣ በስም ዝቅ ያለ "ኮር አይ 3" የመጀመሪያውን "ኮር አይ 7" በሥራ ሊበልጠው ይችላል። ስለዚህም የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥርና ትውልዱ ካልተጠቀሰ፣ አቅራቢው የቆየ ዕቃ በትልቅ ስም ቢያቀርብ በውሉ መሠረት ጥፋተኛ አይባልም።

ፕሮሰሰሩና ሌሎቹ አካላት ሁሉ የሚሰኩበት ሰፊ ሰሌዳ ማዘር ቦርድ ይባላል። ራሱን የቻለ ሥራው ማገናኘት ነው፤ ከሣጥኑ ጀርባ የሚታዩት የኪቦርድ፣ የማውስ፣ የስክሪንና የዩ ኤስ ቢ መሰኪያዎችም አብዛኛውን ጊዜ የእርሱ ክፍሎች ናቸው። ማዘር ቦርድ ሲበላሽ ጥገናው ከባድ ነው። ነገር ግን በእርሱ የሚሳበበው ብልሽት ከትክክለኛው ብልሽት ይበልጣል።

ሁለቱ "ሜሞሪዎች"

ከኮምፒዩተር ቃላት ሁሉ በትምህርት ቤቶች ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ ስለሆነም ረዘም ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

በቅኔ ቤት የሚማር ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው በአእምሮው ነው። ቤቱን ይመታል፣ ቃሉን ያነሣል፣ ይጥላል፣ ይለውጣል፤ በየኔታ ፊት ቀርቦ እስኪያሰማ ድረስ ሁሉም ነገር ያለው በሐሳቡ ውስጥ ብቻ ነው። በመካከሉ እንቅልፍ ቢወስደው ሊጠፋበት ይችላል። በሌላ በኩል በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ በቆዳ ማኅደር ተከቶ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የብራና መጽሐፍ አለ። እርሱ አንባቢው ቢተኛም ቢሞትም ያው ነው፤ ነገር ግን ለማንበብ ማኅደሩን ማውረድ፣ መፍታት፣ ገጹን መፈለግ ይጠይቃል።

በኮምፒዩተር ውስጥ የመጀመሪያውን ዐይነት ሥራ የሚሠራው ራም ይባላል። ፕሮሰሰሩ በዚያች ቅጽበት የሚሠራበትን ነገር ሁሉ የሚይዘው በራም ላይ ነው። እጅግ ፈጣን ነው፤ ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክ እንደ ተቋረጠ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል። መምህሩ የፈተና ጥያቄ ሲጽፍ ቆይቶ ሳያስቀምጥ መብራት ቢሄድ ጽሑፉ የጠፋው ከዚህ የተነሣ ነው። ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ሃርድ ዲስክ ወይም እርሱን እየተካ የመጣው ኤስ ኤስ ዲ ነው። መሣሪያው ቢጠፋም በላዩ የተጻፈው አይጠፋም። በትምህርት ቤት ቋንቋ የመጀመሪያውን "ጊዜያዊ መያዣ"፣ ሁለተኛውን "ማከማቻ" ብሎ መለየት ይበቃል። "ማኅደረ ትውስታ" የሚለው የተለመደ ትርጉም መልካም ድምፅ ቢኖረውም፣ ለራም ሲውል ተማሪውን ያሳስታል፤ ማኅደር የሚጠብቅ እንጂ የሚያጠፋ አይደለምና።

ልዩነቱ በሥራ ላይ ምን ውጤት ያመጣል? "ሜሞሪው ሞላ" የሚል ቅሬታ ሲመጣ፣ ማከማቻው ሞልቶ ከሆነ መድኃኒቱ አላስፈላጊ ፋይሎችን ማስወገድ ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። ራሙ ያነሰ ከሆነ ግን ፋይል ማጥፋት አይረዳም፤ ተጨማሪ ራም መግዛት ያስፈልጋል። ራም ሲገዛም ዐይነቱ መጠቀስ አለበት። ዲ ዲ አር 3፣ ዲ ዲ አር 4 እና ዲ ዲ አር 5 የተባሉት በመሰኪያቸው ላይ ያለው ጎድጎዳ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ የላፕቶፕ ራምም ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ራም ያጥራል። በጉልበት ለማስገባት የሚደረግ ሙከራ ማዘር ቦርዱን ይሰብራል።

የመጠን መለኪያቸውን በአማርኛ ፊደል ማስረዳት ለተማሪዎች ይቀላል። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው፤ ቢት ማለት ደግሞ 0 ወይም 1 የሚሆን ከሁሉ ያነሰ ክፍል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት የአጻጻፍ ዘዴ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ። ስለዚህም "ጎንደር" በራሳችን ፊደል 4 ሆሄ ሆኖ 12 ባይት ሲፈጅ፣ በላቲን 6 ፊደል ሆኖ የሚፈጀው 6 ባይት ነው። ለዐይን ያጠረው በመሣሪያው ውስጥ ይረዝማል። አንድ ሙሉ ገጽ 1,500 ያህል ፊደላት ቢይዝ 4,500 ባይት ገደማ ይሆናል። በስልክ የተነሣ 3 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ ፎቶግራፍ እንግዲህ ከ600 ገጽ በላይ የሆነ የአማርኛ ጽሑፍን ቦታ ይወስዳል ማለት ነው። ዲስኮችን የሚሞላው የመምህራን ጽሑፍ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የንብረት ተረካቢ ኮሚቴዎችን ያነታረከ ሊሆን የሚችል አንድ ነጥብ እዚህ ላይ ይነሣል። "500 ጊጋባይት" ተብሎ የተገዛ ዲስክ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ የሚነበበው 465 ነው። አቅራቢው አላጭበረበረም። ፋብሪካው አንድ ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት አድርጎ ሲቆጥር፣ ኮምፒዩተሩ በ1,024 እየተባዛ በሚሄድ አቆጣጠር ስለሚቆጥር፣ ያው መጠን በሁለት መስፈሪያ ተሰፈረ እንጂ የጎደለ ነገር የለም። ኮሚቴው ይህን ዐውቆ ሞዴል 19 ቢቆርጥ ከአላስፈላጊ ክርክር ይድናል።

ከፍታና ሃርድ ዲስክ

እስካሁን የተባለው ለማንኛውም አገር የሚሆን ነው። ቀጥሎ ያለው ግን በተለይ የስሜንን ደጋ ይመለከታል፤ በተለመዱት የኮምፒዩተር መማሪያዎችም ብዙም አይነሣም።

ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከሩ ክብ ሳሕኖች አሉት፤ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራሉ። በሳሕኑ ላይ ጽሑፉን የሚያነብና የሚጽፍ ጥቃቅን ራስ አለ። ይህ ራስ ሳሕኑን አይነካም። ሳሕኑ ሲዞር ከሚፈጠረው የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል፤ በመካከላቸው ያለውም ርቀት ከሰው ጠጕር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ ያነሰ ነው። ስለሆነም ሃርድ ዲስክ አየር የሌለበት ዕቃ አይደለም፤ በሽፋኑ ላይ ማጣሪያ ያላት ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ አለችው። ቀዳዳዋን ወረቀት ለጥፎ መሸፈን ክልክል ነው፤ የንብረት ቁጥር የሚለጥፉ ሠራተኞች ይህን ሊያውቁት ይገባል።

አየሩ ሲሳሳ የሚሸከመው ንጣፍም ይሳሳል፤ ራሱም ወደ ሳሕኑ ይጠጋል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። የፊዚክስ መምህራን ውኃ በከተማዋ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላ መሆኑን በማሳየት ይህንኑ ለተማሪዎቻቸው ማስረዳት ይችላሉ። ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደባርቅ ጉድለቱ ሠላሳ በመቶ ያህል ይደርሳል። የተለመዱ ሃርድ ዲስኮች አምራቾች ደግሞ ዕቃቸው በሥራ ላይ ሳለ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ በ3,048 ሜትር፣ ማለትም በ10,000 ጫማ ይወስኑታል።

እንግዲህ ደባርቅ ከወሰኑ በታች ናት፤ ወሰኑ ግን ሩቅ አይደለም። ከዚያ በላይ ባሉት፣ ሰው በሚኖርባቸውና ሕፃናት በሚማሩባቸው የጃናሞራና የበየዳ ከፍተኛ ቦታዎች ወሰኑ ይታለፋል። ይህ ማለት ዲስኩ በዚያው ቀን ይሰበራል ማለት አይደለም፤ ራሱ ሳሕኑን የመንካት ዕድሉ ይጨምራል፣ ፋብሪካውም ኃላፊነት አይወስድም ማለት ነው። ዲስኩ ቆሞ ሳለ ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ከፍታ አይጎዳውም፤ ስለሆነም በማጓጓዝ ረገድ የሚያሰጋ ነገር የለም። ኤስ ኤስ ዲ የሚሽከረከር አካልም ሆነ የሚንሳፈፍ ራስ ስለሌለው የዚህ ወሰን ተገዥ አይደለም፤ በመንገድ መንገጫገጭንም ከሃርድ ዲስክ የተሻለ ይችላል። ከዚህም በላይ አሮጌ ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስኩ በኤስ ኤስ ዲ ቢተካለት ፍጥነቱ በግልጽ ይሻሻላል። ለከፍተኛ ደጋ ትምህርት ቤቶች የሚዘጋጅ የግዥ ዝርዝር ይህን አንድ ቃል ቢጨምር ሌላ ምንም ሳይለወጥ ብዙ መሣሪያዎችን ያድናል።

ማራገቢያዎችም የሳሳው አየር ይነካቸዋል፤ በአንድ ዙር የሚገፉት አየር መጠኑ ያው ቢሆንም ክብደቱ ስለሚያንስ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ብርድ ይህን በከፊል ያካክሰዋል። ነገር ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ከቀትር በኋላ እንደሚግል ማንም የሚያውቀው ሲሆን፣ በበጋ አቧራ የተደፈነ ማራገቢያ ሲጨመርበት ፕሮሰሰሩ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲብስም መሣሪያው በድንገት ይጠፋል። ይህን "ቫይረስ" ነው ብሎ የሚደመድመው ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ መጀመሪያ የሚሞከር ነገር ነው።

ኤሌክትሪክ

በሣጥኑ ውስጥ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ዝቅ አድርጎ የሚያከፋፍለው ክፍል ፓወር ሳፕላይ ይባላል። መሣሪያው ጨርሶ ድምፅ የማያሰማ፣ ማራገቢያውም የማይዞር ከሆነ፣ ሶኬቱና ገመዱ ከተፈተሹ በኋላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርሱ ነው። ራሱን ችሎ ተፈትቶ የሚቀየር ዕቃ ነው። ነገር ግን የፓወር ሳፕላዩን የራሱን ሽፋን መክፈት አይገባም፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሰውን የሚጎዳ ኤሌክትሪክ በውስጡ ሊቆይ ይችላል።

ከባሕር ማዶ በእርዳታ በሚመጡ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በጀርባው፣ ከኤሌክትሪክ መሰኪያው አጠገብ፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ የሆነች ትንሽ ማብሪያ ትታያለች፤ አንዱ ጎኗ 115፣ ሌላው 230 ይላል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ ማብሪያዋ ወደ 230 መዞር አለባት። በ115 እንዳለች ከተሰካ ፓወር ሳፕላዩ በቅጽበት ፈንድቶ ይቃጠላል። ለጋሹ የደከመበት፣ መርከብ ያመጣው፣ ጉምሩክ ያለፈ ዕቃ በአንዲት ሴኮንድ የሚጠፋው እንዲህ ነው። የዘመኑ ፓወር ሳፕላዮችና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ለይተው ስለሚቀበሉ ይህ ማብሪያ የላቸውም፤ በላያቸው ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይበቃል።

ዩ ፒ ኤስ የተባለው ባትሪ ያለበት ሣጥን ትርጉሙ በብዙ ቦታ ይዛባል። መብራት ሲሄድ ትምህርቱን ለማስቀጠል የተሠራ አይደለም፤ በራም ላይ ያለውን ሥራ ወደ ማከማቻ አዛውሮ መሣሪያውን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ባትሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል፤ ያን ጊዜ የሚቀየረው ባትሪው እንጂ ዩ ፒ ኤሱ አይደለም።

የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች በፀሐይ ኃይል ሲታሰቡ ስሌቱ የመሣሪያውን ዐይነት ይወስናል። አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ 120 ዋት ቢወስድ ሃያው 2,400 ዋት ይፈልጋል፤ በቀን ለአራት ሰዓት ቢሠሩ 9.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ ላፕቶፕ 40 ዋት ቢወስድ ሃያው በዚያው ጊዜ 3.2 ይበቃዋል። የፀሐይ ሰሌዳውና የባትሪው ወጪም በዚያው መጠን ይወርዳል። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ያለው መሆኑ ሲታከልበት ምርጫው የሚያጠያይቅ አይመስልም። ሰማዩ እጅግ የሚጨፍንባቸው ሐምሌና ነሐሴ የዕረፍት ጊዜ መሆናቸውም ለዕቅዱ ያግዛል።

ያልሞቱ መሣሪያዎች

በማዘር ቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ ትገኛለች። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱንና ቀኑን የምትጠብቀው እርሷ ናት። ስታልቅ መሣሪያው በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ አሳይቶ ቁልፍ እስኪጫኑለት ድረስ ቆሞ የሚጠብቅም አለ። በኢንተርኔት የሚገኙ ገጾችም ቀኑ ስለተዛባ ብቻ አንከፈትም ይላሉ። በላይዋ "2032" የሚል ቁጥር ያላት ይህች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ርካሽ ናት፤ በሰዓት ሠሪዎችም ዘንድ አትታጣም።

ሌላው በመሣሪያው መሞት የሚሳሳቱበት የራም መላላት ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነና ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፣ እጅን አስቀድሞ ከሣጥኑ ብረት ጋር አነካክቶ፣ ራሙን አውጥቶ ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ አሽቶ መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ ያስነሣዋል። ስክሪን ጨለማ ሆኖ ድምፅ ከሌለ ደግሞ የስክሪኑን ገመድና የራሱን የኤሌክትሪክ መሰኪያ መመልከት ይቀድማል። ስክሪን መስኮት ብቻ ነው፤ በውስጡ ምንም ፋይል የለም፤ ቢሰበርም የተማሪዎች ውጤት አይጠፋም። በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መታደል የጀመሩት የፕላዝማ ቴሌቪዥኖችም በዚህ ረገድ እንዲሁ ማሳያዎች ነበሩ፤ ትምህርቱ የሚመጣው በሳተላይት ከሌላ ቦታ ነው።

ስለሆነም የጥገና መጠየቂያው ቅጽ ቢሻሻል መልካም ነው። "አይሠራም" ከማለት ይልቅ ማራገቢያው ይዞራል ወይስ አይዞርም፣ ድምፅ ያሰማል ወይስ አያሰማም፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ምንድን ነው፣ ቀኑ ትክክል ነው ወይስ ወደ ኋላ ተመልሷል የሚሉ አራት ጥያቄዎች ቢኖሩት፣ በጎንደር ያለው ጠጋኝ በደባርቅ ያለውን መሣሪያ ሳያየው የትኛው አካል እንደሚላክ ሊገምት ይችላል።

በመጨረሻ የሚወገዱ መሣሪያዎች ጉዳይ አለ። አንድ ኮምፒዩተር ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ በጨረታ ሲሸጥ በውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ የተማሪዎችን ስም፣ ውጤትና የቤተሰብ ሁኔታ፣ የመምህራንንም የግል ማኅደር ይዞ ሊሄድ ይችላል። ፋይሉን "ማጥፋት" በቂ አይደለም፤ ማጥፋት ማለት ከመጽሐፉ ላይ ማውጫውን መቅደድ ነው፤ ገጾቹ እንዳሉ ናቸው፣ የሚያውቅበትም ሰው ያነባቸዋል። ዲስኩ ከሣጥኑ ወጥቶ ለዚሁ በተዘጋጀ ፕሮግራም በላዩ ተደጋግሞ መጻፍ፣ የማይሠራ ከሆነም ሳሕኖቹ ተሰብረው መወገድ አለባቸው። በንብረት ማስወገጃው ዝርዝር ላይ፣ ከመለያ ቁጥሩ ቀጥሎ፣ "ዲስኩ ወጥቷል" የሚል አንድ ዐምድ ሊታከል ይችላል፤ የሚፈርምበትም የኮምፒዩተር ክፍሉ መምህር ይሆናል።